ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ክፍሉን እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

ቀለም መቀባቱ ራሱ ብዙም አይደለም። ጊዜ የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ይህን የተረዳሁት አንዱን ክፍል ሁለቴ ከቀባሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን አውጡ። የማይወጣውን መሃል ላይ ሰብስባችሁ በላስቲክ ሸፍኑት። መጋረጃ፣ ሚስማር፣ ማንጠልጠያ ሁሉ ይውረድ። ለወለሉ ግን ላስቲክ አልወድም፤ ያንሸራትታል፣ የተንጠባጠበው ቀለምም ላዩ ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ በጫማችሁ ቤቱን ሁሉ ታዳርሱታላችሁ። ወፍራም ሸራ ይሻላል።

ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው አጥፉና የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳኖችን ፍቱ። ሳይፈቱ ዙሪያውን በብሩሽ ለማለፍ መሞከር አጉል ብልጠት ነው።

ግድግዳውን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡ፣ ይድረቅ። ሻጋታ ካለ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ አትቀጥሉ። ቀለም ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

አሁን ወደ ስቱኮው (ስንጥቅና ቀዳዳ መሙያው ሊጥ)። የተላጠውን ቀለም በስፓቱላ ፋቁ። ስንጥቁንም በስፓቱላው ጫፍ ትንሽ ሰፋ አድርጉት፣ ስቱኮው ገብቶ እንዲይዝ። ጥልቅ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ ስቱኮ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መሃሉም ይሰረጉዳል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሲደርቅ ድገሙት። ጠቆር ያለ ቦታ ከታያችሁ ገና አልደረቀም።

ከዚያ ማስክ አድርጉና በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ መጨረሻ ላይ ለስለስ ባለው በ220። ወረቀቱን ቁራጭ ጣውላ ላይ ጠቅልሉት። በጣት ብቻ ከያዛችሁት ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ይቦረቦራል። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ካለም ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ድረስ ፈግፍጉት፣ አለዚያ አዲሱ ቀለም አይይዝም። ቤቱ በጣም ያረጀ ከሆነ ግን ጥንቃቄ፦ የድሮ ቀለም እርሳስ (መርዛማው ብረት) ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈገፈግም፣ ባለሙያ ጠይቁ።

ሲመሽ የስልካችሁን ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በጎን አብሩ። ጉብታውም ጉድጓዱም ጥላ ይጥላል። ቀን ላይ ልሙጥ የመሰላችሁ ግድግዳ ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው።

እኔን ጉድ የሠራኝ ግን አቧራው ነው። ፈግፍጌ እንደጨረስኩ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ቀባሁ። ሲያምር! ከሳምንታት በኋላ በፕላስተር የለጠፍኩትን ወረቀት ሳነሳ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተከትሎት መጣ። ገልበጥ አድርጌ ሳየው ጀርባው ነጭ ዱቄት ነው። ለካ ቀለሙ የያዘው ግድግዳውን ሳይሆን አቧራውን ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አራግፉ፣ ቀጥሎ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ሲደርቅ ጥቁር ጨርቅ አስኪዱበት (እኔ ጓደኛ ያጣ ካልሲ ነው የምጠቀመው)። ነጭ ከያዘ እንደገና ጥረጉ። የመስኮቱን ደፍና የበሩን ጫፍ አትርሱ፣ አቧራው የሚደበቀው እዚያ ነው።

ቀለም እንዳይነካ የምትፈልጉትን ጠርዝ የሚሸፍነው የወረቀት ፕላስተር የሚለጠፈው ከዚህ በኋላ ነው፣ አቧራ ላይ አይጣበቅማ። ጠርዙን በስፓቱላ ጫን ጫን አድርጉት። ስቱኮ የነካውን ቦታ ሁሉ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መነሻ) ቀቡ፤ ስቱኮ ቀለም ስለሚመጥ ያለ ፕራይመር ግድግዳው ቡራቡሬ ሆኖ ይቀራል። ፕላስተሩን ደግሞ የመጨረሻው ቀለም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ካደረ የቀለሙን ጠርዝ ይዞት ይመጣል።