የመብራት ቅናሹ ከድሃው ቤት እንዳይቀር፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የመብራት ታሪፍ ትንሽ የሚጠቀመውን ይደግፋል። እስከ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ በሠራው ታሪፍ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ያልበለጠ ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር። ከ500 በላይ የሚጠቀመው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም። ከመስከረም 2017 ወዲህ ዋጋው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ በፍጆታ መጠን ዋጋው የሚለያይበት እርከን ግን አልቀረም። ችግሩ ባሕር ዳር ውስጥ ቅናሹ ለታሰበለት ሰው የማይደርስበት ግቢ መብዛቱ ነው።

አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኼ ነው። ሽምብጥ ግቡ፣ ሌላም ሰፈር ግቡ፦ ከፊት የአከራዩ ቤት፣ ከኋላ የተደረደሩ ሰርቪሶች፣ ግድግዳው ላይ አንድ ቆጣሪ። እያንዳንዱ ክፍል በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ዝቅተኛው እርከን ላይ ነበር። አምስቱ ሲደመሩ ግን 200 ይሆናል። የአከራዩ ሲጨመርበት ደግሞ ያልፋል። ቆጣሪው ስንት ጎጆ እንዳለ አያይም፤ ሁሉንም እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ይቆጥራል። በአንድ አምፖልና በስልክ ቻርጀር የምትኖር ልብስ አጣቢ እናት ዋጋው ከፍ ባለው እርከን ትከፍላለች ማለት ነው። ከጣና ውሃ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የበለስ ኃይል ማመንጫ ባለበት አካባቢ ይህ ያንገበግባል።

የቤቱ ሰነድ በአከራዩ እጅ ስለሆነ ያለ እሱ ትብብር አዲስ ቆጣሪ ማስገባት ከባድ ነው። ስለዚህ አከራዮች ሆይ፣ ወጪውን ተካፈሉና አስገቡላቸው። ለጊዜው ካልተቻለ እንኳ ለየክፍሉ ከዋናው ሥር ትንሽ ቆጣሪ ይገጠም። እርከኑን አይመልስም፤ ግን ማን ስንት እንደተጠቀመ ይታወቃል።

በአምፖል ማስከፈል። ለአምፖል ይህን ያህል፣ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል እየተባለ የሚቆረጠው ሒሳብ ከቢሉ ጋር አይገናኝም። ቢሉ ለተከራዮች ይታይ። ማየት መብታቸው ነው ባይ ነኝ።

ምጣድን መርሳት። አምፖል ማጥፋት ደግ ነው፤ ቆጣሪውን የሚያሯሩጠው ግን የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር 56፤ የምጣዱ ብቻ ከዝቅተኛው እርከን ያስወጣል። ጎረቤታሞች ምጣዱ አንዴ ከጋለ ተከታትለው ቢጋግሩ፣ ቤቱንም በየሳምንቱ ቢያፈራርቁ ለማጋል የሚጠፋው ይቀራል። ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምድጃ ያላችሁም አትጣሉት።

ቢል ሳያነቡ መክፈል። በቴሌብር መክፈል ቀላል ስለሆነ ቁጥሩን የሚያየው ጥቂት ነው። ቢሉ ላይ ያለውን የአሁን ንባብ ከቆጣሪው ጋር አስተያዩ። ቢሉ ከበለጠ ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ቶሎ አመልክቱ። ወር በወር ላይ ከተደራረበ በኋላ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ከጎረቤት ሽቦ መሳብ። ቆጣሪ የማስገባት ወጪን ፈርቶ ቀጭን ሽቦ በቆርቆሮ አጥርና ጣሪያ ላይ መጎተት ሰው ይገድላል። ሽቦው ሲላጥ ቆርቆሮው ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በክረምት ዝናብ ደግሞ ይብሳል። ልጆች የሚደገፉት ያንኑ አጥር ነው። በግቢያችሁ እንዲህ ያለ መስመር ካለ ዛሬውኑ አስነሡት። ቆጣሪ ማስገባት ያቃተው ጎረቤት ካለም በዕድር ተነጋግራችሁ መዋጮ አሰባስቡለት።