ጋራዥ ውስጥ ስቀዳ የሚገባው «እምምም» እንዴት ጠፋ

ደሴ ውስጥ በጋራዥ መሰንቆ ለምትቀዱ ይጠቅማል። የማይኩን ድምፅ ከፍ ሳደርገው ከመሰንቆው ሥር የማያቋርጥ «እምምም» ይገባል። አምባሰል በዝግታ ሲመታ ደግሞ ይብሳል።

ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ማስተጋባቱ ቀነሰ፣ እምምታው ግን ንቅንቅ አላለም። የማይኩን ገመድ (ኤክስኤልአር) ቀየርኩ፤ ያው ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃና ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ኖይዝ ሪዳክሽን (ጫጫታ መቀነሻ) ሞከርኩ። እሱ የመሰንቆውን ለዛ አብሮ በላው፤ ለዜማው ስል ተውኩት።

ከዚያ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩ። ወዲያው ጸጥ! ለካ ከ50 ኸርዙ መብራት የሚመጣው ድምፅ በቻርጀሩ አድርጎ ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር ወደሚያገናኘው ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይገባ ነበር። አሁን በባትሪ እቀዳለሁ። ቀረጻው ከረዘመ ላፕቶፑንም ስፒከሩንም ግራውንድ (የመሬት መስመር) ካለው አንድ ማከፋፈያ ላይ እሰካለሁ። የቻርጀሩን የግራውንድ እግር ግን እንዳትቆርጡ፤ አደገኛ ነው።