ከጉበት ናሙና ይወሰድ ሲባል፦ ለታማሚና ለአስታማሚ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ነርስ ነኝ። ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ የጉበት ታማሚዎች ከመንገዳቸው በፊት እኔ ጋ ጎራ ይላሉ። ናሙናው በአፍ በሚገባ መሣሪያ እንደሚወሰድ የተነገራቸው አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነው፤ «በአፍ ተገብቶ ጉበት እንዴት ይደረስበታል?»

ይደረስበታል። ጨጓራን የምናይበት ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ጫፉ ላይ ትንሽ አልትራሳውንድ የተገጠመለት ዓይነት አለ። የጉበት ግራ ክፍል ደግሞ የጨጓራን ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው። ሐኪሙ ጉበቱን በስክሪን እያየ፣ የደም ስሮቹን በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዘዴ) እየለየ፣ የደም ስር በሌለበት በኩል መርፌ ይሰዳል። የቀኙ ክፍል ካስፈለገ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ በኩል ይሞከራል።

መጀመሪያ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁ፤ «ለምን በዚህ መንገድ?» የሚፈለገው የጉበት ናሙና ብቻ ከሆነ፣ በጎን በኩል በቆዳ ላይ የሚወሰደው የቆየው ባዮፕሲ (በመርፌ ናሙና መውሰድ) ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ መሣሪያውም እንደ ልብ ይገኛል። ይኼኛው ዋጋ የሚኖረው ለሌላ ምክንያትም ኢንዶስኮፒ የሚያስፈልግ ሲሆን ነው፤ የምግብ ቧንቧ ደም ስሮች አብጠው እንደሆነ ማየት፣ ወይም ቆሽትንና የሐሞት ቱቦን መመርመር። አዲስ ነገር ስለሆነ ብቻ አትሩጡለት።

ከዚያ ደም ትመረመራላችሁ። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ሕዋስ) ከ50,000 በታች ከሆነ፣ ወይም አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው ቁጥር) ከ1.5 ካለፈ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ያዘገዩታል። በሕመሙ ምክንያት ሆድ ውስጥ ብዙ ውሃ ከተጠራቀመም እንደዚያው። አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም ዋርፋሪን የመሰለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ልቡ ላይ ስቴንት (የደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ያለው ሰው መድኃኒቱን ከተወ ሌላ መዘዝ ይመጣል። የአገር ቤት መድኃኒት ከጠጣችሁም አትደብቁ። ማንም አይቆጣችሁም። ከተቆጣም ተቆጥቶ ይተወዋል።

ስለ ጾሙ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለስድስት፣ ለስምንት ሰዓት ያህል ምግብ የለም። እዚህ ሰሜን ሸዋ ግን ጾም ሲባል ሰው የሚገባው ሌላ ነው። አንድ የአንጎለላ አባት እህል ሳይቀምሱ አድረው፣ ንጋት ላይ ጸበላቸውን ጠጥተው ሄዱ። ያውም ጸበል በትንሹ አይጠጣም! ጨጓራ ውስጥ የተጠጣ ውሃ ካለ ታማሚው በማደንዘዣ እንቅልፍ ላይ ሳለ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ቀጠሯቸው ተላለፈ። ጸበሉን ከምርመራው በኋላ አድርጉት። ውሃም ቢሆን መቼ እንደሚቆም ጠይቁ።

ምርመራው ራሱ ለታማሚው ቀላል ነው። በግራ ጎን ትተኛላችሁ፣ ጥርስ መሃል ፕላስቲክ ይደረጋል፣ በማደንዘዣው እንቅልፍ ይወስዳችኋል።

አስታማሚ ሆይ፣ ያንተ ሥራ የናሙናው ዕቃ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ናሙናውን ይዞ ፓቶሎጂ (ናሙናው በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ክፍል) የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። ከመርፌው የሚወጣው እንደ ክር የቀጠነ፣ ቡናማ፣ ደም የተቀላቀለበት ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ወፈር ያለው 19 ጌጅ መርፌ የሚመረጠው ክሩ እንዳይሰባበር ነው። የሚያነበው ሐኪም ደም ስርና የሐሞት ቱቦ አብረው የሚያልፉባቸውን ቦታዎች ይቆጥራል፤ 11 ያህል ካገኘ ደስ ይለዋል። ፍርፋሪ ላይ ግን ምን ይቆጥራል? ስለዚህ ዕቃውን አትነቅንቀው። ስምና የካርድ ቁጥር በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው ገላ ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይቀያየራል። ከጥያቄ ወረቀቱ ጋር እዚያው ቆመህ አመሳክር። ፈሳሹ ፎርማሊን ነው፤ መርዝ ስለሆነ አታሽተው፣ ከልጅ አርቀው። ጎደለ ብለህ ውሃ ወይም አረቄ እንዳትጨምር። ፍሪዘርም አታስገባው። ቲቢ ተጠርጥሮ ካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ከታዘዘ ግን ለዚያ የሚሆነው ናሙና ፎርማሊን አይነካም፤ ሌላ ዕቃ መኖሩን አረጋግጥ።

ከዚያ አንድ ሁለት ሰዓት ታይታችሁ ትለቀቃላችሁ። ግን ያንኑ ቀን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አልፋችሁ መሐል ሜዳ ለመግባት አትጣደፉ። ዘመድ ቤት እደሩ። በዚያን ቀን መኪና መንዳት፣ ውል መፈረም የለም። ጄሪካንና የገብስ ጆንያ ለሳምንት ያህል ሌላ ሰው ይሸከም። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የቀኝ ትከሻ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ራስ ማዞር፣ ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር ሰገራ ከመጣ ቅርብ ያለው ድንገተኛ ክፍል ግቡ። «የሠራልን ሐኪም አዲስ አበባ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ።

ውጤቱ ሲመጣ የጉበቱ ጠባሳ ከ0 እስከ 4 ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደሆነ አስነብቡ፤ 4 ሲርሆሲስ፣ ማለትም ጉበቱ በጠባሳ ደርቆ የተበላሸበት ደረጃ ነው። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱት። ናሙናው የተቀመጠበት የሰም ብሎክ የት እንዳለም ጠይቁና ቁጥሩን ያዙ፤ ሌላ ሐኪም ልድገመው ካለ እንደገና መርፌ ከመግባት ያድናችኋል።