ሥራው የተዳከመበትን ሠራተኛ ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እያዩ ዝም ማለት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ላይ ሱፐርቫይዘሩና ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ለቅሶውም ሠርጉም አንድ ላይ ነው። አለቃው ይሉኝታ ይይዘውና ወራት ይታገሣል፣ አንድ ቀን ሰው መሐል ይጮኻል። እሷ ግን እስከዚያች ቀን ደህና የሠራች መስሏታል። ጉድለቱ በታየበት ሳምንት ለብቻዋ ጠርተው በቁጥር ይንገሯት፦ «እህቴ፣ እጅጌ በሰዓት 60 ነው የሚጠበቀው፤ ያንቺ ከሰኞ ጀምሮ ከ40 አላለፈም።» «ሰንፈሻል» ማለት የምታስተካክለውን ነገር አያሳያትም።

ሳያጣሩ መውቀስ። መርፌ ሲዶለዱም ስፌት ይዘላል፤ ክር ከመጠን በላይ ሲወጠር ይበጠሳል። አጠገቧ ቆመው 10 እጅጌ ስትሰፋ ሰዓት ይያዙ፤ ማሽን ቀይረው ይድገሙት። ፍጥነቷ ከተስተካከለ ጉዳዩ የመካኒኩ ነው። የምታረፍድ ከሆነ ከደሴ በምን እንደምትመላለስ ይጠይቁ። የረመዳን ጾም ድካምንም የዓመት ስንፍና አድርገው አይመዝግቡ።

አዝኖ የምዘና ቅጹን «ጥሩ» ብሎ መሙላት። ደግነት ይመስላል፤ ሠራተኛዋን ግን ሥልጠና ያሳጣታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ችሎታ መቀነስ፣ በኅብረት ስምምነት (አሠሪውና የሠራተኞች ማኅበሩ በጽሑፍ በተስማሙት) ሌላ ካልተባለ፣ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዲረጋገጥ ያዛል። ፋይሉ ሁሉ «ጥሩ» እያለ ችሎታ አነሳት ብሎ ማሰናበት ክርክር ላይ አይቆምም።

«አሻሽዪ» ብሎ መተው። የአራት ሳምንት ዕቅድ በጽሑፍ ያውጡ፦ በሰዓት 45፣ 50፣ 55፣ ከዚያ 60። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጎበዝ ሰፊ አጠገብ ያስቀምጧት። በየሳምንቱ መጨረሻ 15 ደቂቃ ተነጋግረው ሁለታችሁም ፈርሙ። ማስጠንቀቂያ ከተጻፈም ቀኑ፣ የተሠራው፣ የሚጠበቀውና የማሻሻያው ጊዜ ይግባበት።

በደመወዝ መቅጣት። ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛዋ የጽሑፍ ፈቃድ ከሌለ መቁረጥ አይቻልም።

«ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ማለት። በችሎታ ማነስ ስንብት ከተወሰነ ምክንያቱና ቀኑ ተጽፎ በእጇ ይሰጣት። የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ እስከ 1 ዓመት ላገለገለች የማስጠንቀቂያው ጊዜ 1 ወር ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ 3 ወር።