የብራውዘር ታሪክን በነፃ መሣሪያዎች እንዴት መመርመር ይቻላል?

በቢሮ ኮምፒውተር ላይ የባንክ ገጽ የሚመስል የማጭበርበሪያ ድረ ገጽ ተከፍቶ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ፣ ገጹ መቼ ተከፈተ፣ ከየትስ ተነስቶ ተደረሰበት የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልሱ ብዙውን ጊዜ ብራውዘሩ ራሱ በሚያስቀምጠው ፋይል ውስጥ ስለሚገኝ፣ የሚከፈልበት ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ የራስዎ ካልሆነ ግን አስቀድመው የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ፤ በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።

በመጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ ይውሰዱ። ብራውዘሩ ሲዘጋ ታሪኩን እንዲያጠፋ ታዝዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመዝጋትዎ በፊት ቅንብሩን ይመልከቱ፤ ታዝዞ ከሆነ ሳይዘጉ ለባለሙያ ቢተዉት ይሻላል። ካልታዘዘ ብራውዘሩን ዘግተው ሙሉውን የፕሮፋይል ፎልደር፣ ማለትም ብራውዘሩ የተጠቃሚውን መረጃ የሚያስቀምጥበትን፣ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። በዊንዶውስ የክሮም ፕሮፋይል የሚገኘው በተጠቃሚው ፎልደር ሥር፣ የተደበቀውን «አፕ ዳታ» ከፍተው በ«ሎካል»፣ «ጉግል»፣ «ክሮም» እና «ዩዘር ዳታ» ሲያልፉ ሲሆን፣ የሚፈለገው ፋይል «ሂስትሪ» ይባላል። የፋየርፎክሱ «ፕሌስስ ዶት ኤስኪውላይት» ነው። ከጎኑ ያለው፣ ስሙ በ«ዋል» የሚያልቀው ፋይል ገና ወደ ዋናው ያልተዋሃደ መረጃ ሊይዝ ስለሚችል፣ አንዱን ፋይል ብቻ መገልበጥ አይበቃም።

ከዚያ ሰቨን ዚፕ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የቅጂውን የኤስ ኤች ኤ 256 አሻራ፣ ማለትም ፋይሉ በጥቂቱም ቢነካ የሚለወጥ መለያ ቁጥር፣ አውጥተው በወረቀት ይመዝግቡ። ነገ ፋይሉን ነካክተሃል የሚል ቢመጣ ማስረጃዎ ይህ ነው።

አሁን ሌላ ቅጂ ወስደው እንዲህ ያሉ የመረጃ ቋት ፋይሎችን በሚከፍተው ነፃ ፕሮግራም፣ በዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት፣ ለንባብ ብቻ በሚለው አማራጭ ይክፈቱት። በክሮም ፋይል ውስጥ «ዩአርኤልስ» የተባለው ሠንጠረዥ አድራሻዎቹን፣ «ቪዚትስ» ደግሞ እያንዳንዱን ጉብኝት ይዟል። በ«ቪዚትስ» ውስጥ «ፍሮም ቪዚት» የሚለው ዓምድ ከዚህ በፊት የነበረውን ጉብኝት ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ቁጥሩን ወደ ኋላ እየተከተሉ ሲሄዱ የማጭበርበሪያው ገጽ ከኢሜይል ገጽ ይሁን ከፍለጋ ውጤት እንደመጣ ይደርሱበታል። ዜሮ ከሆነ የተመዘገበ መነሻ የለውም ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ክሮም ጊዜን የሚቆጥረው ከጥር 1 ቀን 1601 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮ ሰከንድ ሲሆን፣ ፋየርፎክስ ግን ከ1970 እ.ኤ.አ. ይነሳል። ለምሳሌ 13350000000000000 የሚል ቁጥር ቢያገኙ ለ1,000,000 ያካፍሉት፤ ከውጤቱ በ1601 እና በ1970 መካከል ያለውን 11644473600 ሰከንድ ሲቀንሱ ከ1970 ወዲህ ያለው 1705526400 ሰከንድ ይቀራል፤ ይህም በዓለም አቀፍ ሰዓት ጥር 17 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ 21፡20 ነው። ለአዲስ አበባ 3 ሰዓት ሲጨመር ቀኑ ራሱ ተቀይሮ ጥር 18፣ 00፡20 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ለጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡20 ማለት ነው። ስለዚህ በሪፖርትዎ ላይ የትኛውን ሰዓትና የትኛውን የቀን አቆጣጠር እንደተጠቀሙ በግልጽ ይጻፉ።

በእጅ ማስላት ለጥቂት መስመር ያህል ነው። ለብዛቱ፣ ክሮምን ለሚመለከት ሥራ ሁሉን በአንድ የጊዜ ሰሌዳ አሰናድቶ ወደ ኤክሴል የሚያወጣውን ሃይንድሳይትን እመርጣለሁ፤ ኮዱም ክፍት ነው። የኒርሶፍቱ ብራውዚንግ ሂስትሪ ቪው የበርካታ ብራውዘሮችን ታሪክ በአንድ መስኮት ያሳያል፣ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ብቻ ነው። የሙሉ ዲስክ ቅጂ በእጅዎ ካለ አውቶፕሲ የተባለውን ነፃ የዲስክ መመርመሪያ ይሞክሩ። መሣሪያው ያወጣውን አንድ ሁለት ሰዓት ግን ከላይ ባየነው ስሌት ያመሳክሩ።

ክሮም ከ90 ቀን ያለፈውን ታሪክ ያጠፋል፤ በስውር መስኮት የተጎበኘውም በዚህ ፋይል አይመዘገብም። በተጨማሪም አካውንቱ ከስልክ ጋር የተመሳሰለ ከሆነ፣ በስልክ የተከፈተ ገጽ በቢሮው ኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ ሊታይ ይችላል። የሠራተኛውን ስም በሪፖርቱ ከማስፈርዎ በፊት «ቪዚት ሶርስ» የተባለውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ፤ ያ ጉብኝት እዚያ በዜሮ ምልክት ከተመዘገበ የመጣው በማመሳሰል ነው።