የፋርማኮሎጂን (የመድኃኒት ሳይንስን) መግቢያ ከዕለት ኑሮ ተነሥቶ ማስተማር

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በትርጓሜ አይክፈቱ፤ ተማሪዎቹ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ እንዲጽፉ ይጠይቁ። ብዙዎቹ «ምንም» ብለው ይጽፋሉ፤ ቡና መጠጣታቸው ትዝ የሚላቸው በኋላ ነው። ትምህርቱም ከዚያች ስኒ ይጀምር።

ካፌይን አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የተባለው እንቅልፍ ጋባዥ ንጥረ ነገር የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ቀድሞ ስለሚይዝ ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ ተቀባይና ተቃዋሚ (ተቀባዩን ይዞ ሌላውን ንጥረ ነገር የሚከለክል) የሚሉትን ቃላት ለማስተዋወቅ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም። ቀጥሎ በጤናማ አዋቂ ሰው የካፌይን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 5 ሰዓት ገደማ መሆኑን ይንገሯቸውና፣ 100 ሚሊግራም የወሰደ ሰው ከ5 ሰዓት በኋላ 50፣ ከ10 ሰዓት በኋላ 25 ሚሊግራም እንደሚቀረው ራሳቸው በግራፍ ይሣሉት። ቀመሩን ከግራፉ አስቀድሞ ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ በእኔ እይታ፣ ግማሹን ክፍል ማስተኛት ነው።

ስለ መጠን ለማስረዳት የፓራሲታሞልና የጉንፋን መድኃኒት ማሸጊያዎችን ይዘው ይግቡ፤ ባዶው ካርቶን ይበቃል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ፓራሲታሞል ስላለባቸው፣ ሁለቱን ደርቦ የሚወስድ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት የ4 ግራምን ጣሪያ ሳያውቀው አልፎ ጉበቱን ሊጎዳ እንደሚችል ተማሪዎቹ ከማሸጊያው እያነበቡ ሲደምሩ በራሳቸው ይደርሱበታል።

የጎንዮሽ ጉዳትን በአለርጂ መድኃኒት ያሳዩ፦ ክሎርፌኒራሚን ወደ አንጎል ዘልቆ ስለሚገባ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሎራታዲን ግን እምብዛም አይዘልቅም። በውይይቱ መካከል ማንም ተማሪ የራሱን ሕመም እንዲናገር አያስገድዱ።