በክር የሚሠራ የሣር ማጨጃ አመራረጥና አያያዝ፤ ለጎንደር ግቢ ጀማሪ ተጠቃሚ

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲደጋገም በጎንደር ያለ ግቢ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ በአጥሩ ሥር ሳማ ይበዛል፣ በካቡ ስንጥቅ ሁሉ አረም ብቅ ይላል። ማጭድ ይዞ ማጎንበስ ለከበደው ሰው፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የናይለን ክር እያሽከረከረ ሣር የሚቆርጠው ማሽን ትልቅ እፎይታ ነው። በጎማ የሚገፋው ማጨጃ ለሜዳ የተሠራ ስለሆነ ተዳፋትና ድንጋይ በበዛበት ግቢ ብዙም አያገለግልም፤ ባለ ክሩ ግን ከግድግዳ ሥርም ከደረጃ ጎንም ይደርሳል።

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ግቢዎን በእግርዎ ይዙሩት። ከሶኬቱ እስከ መጨረሻው ጥግ ስንት ሜትር እንደሆነ ይለኩ፤ የበቀለው ለስላሳ ሣር ብቻ ነው ወይስ እንደ የወፍ ቆሎና እንደ ቀጋ ያለ ግንዱ የጠነከረ ቁጥቋጦም አለበት የሚለውን ይመልከቱ። ክር የሚቆርጠው ሣርንና ለስላሳ አረምን ነው። ለቁጥቋጦ የብረት ምላጭ የሚገጠምለት ከባድ ማሽን ያስፈልጋል፤ ምላጩ ግን ድንጋይ ወይም ግንድ ሲነካ ማሽኑን በድንገት ወደ ጎን ስለሚያስፈነጥረው ለጀማሪ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ጥቂት ቁጥቋጦ ብቻ ካለ በገጀራ ቆርጦ መጨረስ ይሻላል።

ግቢው ትንሽ፣ ሶኬቱም ቅርብ ከሆነ በገመድ ከሚሠራው ኤሌክትሪክ ማጨጃ ሌላ አይፈልጉ። ቀላል ነው፣ ጥገናም አይበዛበትም። ማሽኑ ለ220 ቮልት የተሠራ መሆኑን ከተለጠፈበት ጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ ከሰኩት ይቃጠላል። ማስረዘሚያ ገመዱ ለውጭ ሥራ የሚሆንና ውፍረቱ ከ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ራሱም ይሞቃል፣ ሞተሩንም ያደክማል። ባለ ባትሪው ከገመድ ጣጣ ነፃ ያወጣል፣ አስቀድሞ ከተሞላም መብራት በጠፋበት ቀን ይሠራል። ሆኖም ባትሪው ሲያረጅ ምትኩ ከየት እንደሚገኝ ሻጩን ሳይጠይቁ አይግዙ።

ባለ ቤንዚኑ ለሰፊ ግቢ ይሆናል፤ ነገር ግን ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ መሆኗን ማስታወስ ይገባል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ሞተሩ ይታፈናል፣ ጭሱ ይበረክታል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጥቁር ጥቀርሻ ይለብሳል። ይህ ሲገጥምዎ ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት የሞተር ሳይክል ሥራ ለሚያውቅ መካኒክ ያሳዩትና ካርቡራቶሩን ያስተካክልልዎ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልምና ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ በዚህ ከተማ ለጀማሪ ኤሌክትሪክን የማስቀድምበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ሱቁ ውስጥ በእጅዎ ይያዙት። ወገብዎ ሳይጎብጥ የክሩ ራስ መሬቱን ሊጠጋ ይገባል፤ ካልሆነ ዘንጉ የሚረዝም የሚያጥረውን ይጠይቁ። ክሩ የሚመጣበትን ውፍረትም ይመልከቱ። ትናንሾቹ ኤሌክትሪኮች ብዙውን ጊዜ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ቤንዚኖቹ 2.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጠቀማሉ፤ ከተፈቀደው የወፈረ ክር ሞተሩን ያቃጥለዋል። ክር ሲያልቅ በሽቦ መተካት ፈጽሞ አይገባም፤ የተበጠሰ ሽቦ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ክሩን የሚከልለውን ሽፋንም አይንቀሉ፤ ድንጋይ ከእግርዎ ይከላከላል፣ በጠርዙ ያለችው ትንሽ ምላጭም ክሩን በልኩ ትቆርጠዋለች።

ሥራውን የሚጀምሩበት ሰዓት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይሁን፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚመጣ ቀኑን አያዘግዩት። በገመድ የሚሠራን ማሽን በእርጥብ ሣር ላይ አይጠቀሙ። በቅድሚያ የላላውን ድንጋይ፣ ጠርሙስ፣ ቆርኪና ሽቦ ይልቀሙ። ዝናቡ አፈሩን አጥቦ በየሳምንቱ አዲስ ጠጠር ስለሚያወጣ ይህ ለቀማ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። ልጆችና ከብቶች ቢያንስ 15 ሜትር ይራቁ። የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ረጅም ሱሪና ጫማ ግድ ናቸው፤ ለባለ ቤንዚኑ የጆሮ መከላከያም ይጨመርበታል። ሳማ በክር ሲመታ ጭማቂውና ፀጉሩ ስለሚረጭ ክንድና አንገት ተሸፍኖ ጓንት መደረግ አለበት። አስተናግር ካለ ግን በማሽን አይንኩት፤ መርዛማ ስለሆነና ፍንጣሪው ዓይን ስለሚጎዳ በጓንት ከነሥሩ ይነቀል።

ማሽኑን አስነሥተው ክሩ ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ወደ ሣሩ ይቅረቡ። የሚቆርጠው የክሩ ጫፍ ብቻ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው የክሩን ራስ ሣሩ ውስጥ ቀብሮ ሲገፋ ነው፤ ያኔ ክሩ ይጠመጠማል፣ ሞተሩም ያጉረመርማል። ረጅም ሣር ከላይ ወደ ታች በሁለትና በሦስት ጊዜ ይቆረጣል። ዘንጉን በዝግታ እያወዛወዙ፣ የተቆረጠው ሣር ቀድሞ በታጨደው ቦታ ላይ እንዲወድቅ አድርገው ወደፊት ይራመዱ። በተዳፋት ላይ ሽቅብና ቁልቁል ሳይሆን በአግድም ይሂዱ። በኖራ የተያያዘ አሮጌ ግንብ ባለበት ግቢ ክሩ ኖራውን እየፈረፈረ ስለሚያወጣው በግንቡ ሥር ያለው አረም በእጅ ይነቀል።

ስለ ችግኞች ጥቂት ልበል። ማሽኑን በገዛሁበት ክረምት፣ በጓሮ በነበረች የሁለት ዓመት የኮክ ችግኝ ዙሪያ ያለውን ሣር ለማጽዳት ክሩን ዙሪያዋን አዞርኩት። ሣሩ ጥርት አለ፤ ነገር ግን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ልጧ በጣት ስፋት ተላጠና ነጩ እንጨት ታየ። ቅጠሏ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ስለቆየ ተርፋለች ብዬ ነበር፤ በጥቅምት ደረቀች። ቅጠሉ የሚሠራው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው በልጡ በኩል ስለሆነ፣ ልጡ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ በጌሾም ሆነ በሎሚ ችግኝ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል በእጅ ያርሙ፤ ወይም የሃይላንድ ጠርሙስ ሁለቱን ጫፎች ቆርጠው፣ በቁመቱ ሰንጥቀው ግንዱን ያልብሱት።

ላም ወይም በግ ያለው ቤት ደግሞ ለመኖ የሚሆነውን ሣር አስቀድሞ በማጭድ ይጨድ። ክሩ ድንጋይ በነካ ቁጥር ጫፉ እየተበጣጠሰ ከሣሩ ጋር ይቀላቀላል፤ ናይለን ደግሞ በከብት ሆድ አይፈጭም። ፌስታል ለበላች ላም የምናዝነውን ያህል ለዚህም መጠንቀቅ ይገባናል። ለበዓል የሚጎዘጎዘውም ሣር ማጭድ ይፈልጋል፤ ክር ይከታትፈዋልና።

አብዛኛው ባለ ቤንዚን ማጨጃ ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ማለትም የራሱ የዘይት ማጠራቀሚያ የሌለው ሞተር ስለሆነ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። መመሪያው 50 ለ1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ካለ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ዘይቱም ለሁለት ስትሮክ ሞተር የተሠራ ይሁን። ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ መስፈሪያ ነው። ድብልቁን በውኃ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ነዳጅ የሚጨመረውም ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።

በኅዳር ሣሩ ሲደርቅ ታንከሩን ያራግፉ፣ የቀረችውንም ቤንዚን ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ አስነሥተው ይጨርሱ፤ ለወራት የቆመ ቤንዚን ካርቡራቶሩን ይደፍናል። ባትሪውን ከማሽኑ ነቅለው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡ። ናይለን በበጋው ድርቀት እርጥበቱን አጥቶ ስለሚሰባበር፣ ሰኔ ሲገባ የክሩን ጥቅል አንድ ቀን ሙሉ ውኃ ውስጥ ነክረው ያሳድሩትና ከዚያ በኋላ በማሽኑ የክር ራስ ላይ ይጠምጥሙት።